ራዲያተር ማለቅለቅ

አንድ ጋራዥ በር ላይ «የራዲያተር ፍሳሽ እናደርጋለን» የሚል ጽሑፍ ካነበብኩ ቆየሁ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ይገባኛል። መካኒኮቹ «ፍላሽ» የሚሉትን ነው፤ አሮጌውን የሞተር ውሃ ከነዝገቱ አውጥቶ፣ የውስጡን መተላለፊያ አጽድቶ፣ በአዲስ ኩላንት መተካትን። ባዕዱን ቃል ወደ አማርኛ ላስጠጋው ብሎ «ላ»ን በ«ሳ» ለወጣት። ፍሳሽ ግን በእኛ ዘንድ ከመጸዳጃና ከማጀት የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ ነው። በጋራዥ ቋንቋማ ከዚህም ይብሳል፤ «ራዲያተሬ ያፈሳል» የሚል ሰው ብልሽቱን ነው የሚናገረው። እንግዲህ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ጋራዡ የሚጠግነውን በሽታ እንደ አገልግሎት ያስተዋውቃል ማለት ነው።

ታዲያ «ፍላሽ» ይሁን? እሱም አይመቸኝም። ምክንያቴ ባዕድነቱ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ከመጣችው መኪና ወዲህ የተሽከርካሪ ቋንቋችን በውሰት ያደገ ነው። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ኮፋኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ ከዚያው ቋንቋ መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ አንዱንም ከቦታው ላነሣው አልሻም። ባዶ ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ማንንም አላፈናቀሉም። የ«ፍላሽ» ወንበር ግን ቀድሞ ተይዟል። የፎቶ አንሺው ብልጭታ ፍላሽ ነው፤ ተማሪው በኪሱ ይዞት የሚዞረው የፋይል ማስቀመጫም ፍላሽ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ከማጠቡ ፍላሽ በአንዲት አናባቢ ይለያቸዋል። የእኛ ፊደል ያችን ልዩነት አይጽፋትም፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ሆነው ቀሩ።

«የማቀዝቀዣ ሥርዓት ማጽዳት» የሚሉም አሉ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ፍሪጅ ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው ጨርቅ ነው። «ማፍሰስ»ም የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ውሃ አፍስሶ የተወ ሰው መተላለፊያው ላይ የጋገረውን ዝገት አልነካውም።

ጠንከር ያለው ተወዳዳሪ «እጥበት» ነው። ደጋፊዎቹ የኩላሊት እጥበትን ይጠቅሳሉ፤ ፈሳሽ በቱቦ እየዞረ ይጸዳል፣ ራዲያተርም እንዲሁ ነው ይላሉ። ክርክሩ ያምራል፤ ነገር ግን ተገልብጧል። በኩላሊት እጥበት የሚጸዳው ፈሳሹ፣ ማለትም ደሙ ነው፤ ተጣርቶም ወደ ሰውነት ይመለሳል። እዚህ ፈሳሹ ይጣላል፤ የሚጸዳው ዕቃው ነው። በዚያ ላይ «ራዲያተሩን እጠበው» የተባለ ልጅ የውሃ ጎማ ይዞ ከፊት ለፊት የተለጠፈውን ጭቃና ነፍሳት ነው የሚያጥበው። መኪና ማጠብ ለላቫጆ የተሰጠ ቃል ነው።

«ማጉመጥመጥ» የሚል ሐሳብም ከአንድ ወዳጄ ሰምቼ አንድ ቀን ሙሉ ሳወጣው ሳወርደው ዋልኩ። ውሃ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ አዙሮ፣ መትፋት፤ ሥራው በትክክል ይህ ነው። የከለከለኝ ቃሉ ከአፍ የማይለይ መሆኑ ነው። ራዲያተርን አጉመጥምጠው ሲባል ጆሮ አይቀበለውም።

የሚቀበለው ቃል ጓዳ ውስጥ አለ፤ ማለቅለቅ። ሲኒ ይለቀለቃል፣ ጀበና ይለቀለቃል። ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጠላ ጋን ነው። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ይፈትጉታል፤ ከዚያ ደጋግመው ያለቀልቁታል፤ የግራዋው ምሬት እስኪለቅ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ። ራዲያተር ውስጥ ዝገት የሚያላቅቅ ኬሚካል የጨመረ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ኬሚካሉ ተጠራርጎ እስኪወጣ ያለቀልቃል። እኛ ግን ለጋራዥ ቃል ሲጠፋን ወይ እንግሊዝኛውን እንገለብጣለን፣ ወይ የግዕዝ ግስ እናገላብጣለን፤ ወደ ጓዳ አንሄድም። የሴቶች ቃል ለሞተር አይሆንም ያለን ማን ነው?

የቃሉን አካል ልብ በሉልኝ። ለ-ቀ-ለ-ቀ፤ ሁለት ፊደላት ተደግመዋል። አማርኛ ተመላላሽ እንቅስቃሴን እንዲህ መቅረጽ ይወዳል፤ ነቀነቀ፣ ወዘወዘ፣ ቀጠቀጠ። ድግግሞሹ ሥራውን በድምፅ ያሳያል፤ አንዴ ሞልቶ አንዴ ደፍቶ፣ እንደገና ሞልቶ እንደገና ደፍቶ። ቃሉ ይራባልም፤ ሠራተኛው አለቅላቂ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ኬሚካል ማለቅለቂያ። «ፍላሽ» በ«ማድረግ» ካልተደገፈ አይቆምም።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ አልሸሸውም። ያለ «አ» ለቀለቀ ሲባል መቀባት ነው፤ ግድግዳ በጭቃ ይለቀለቃል። ስለዚህ «ተለቀለቀ» ተቀባም፣ በውሃ ጠራም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሥር ዕቃን ያለብሳል፣ ያራቁታልም፤ እኔ ይህን የቋንቋው ሀብት አድርጌ ነው የማየው። ሲኒው ተለቀለቀ ሲባል ጭቃ የሚታየው አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ራዲያተሩም ከሲኒው የተለየ ዕድል አይገጥመውም።

ሥራውን በቤታችሁ የምትሞክሩ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነኩ። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በሞተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለያዘው ነው፤ በትኩሱ የከፈተው ሰው ፊት ላይ ይገነፍላል። አሮጌውን ከሥር ታፈስሳላችሁ፤ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ውሃው እስኪዞር ሞተሩን ታስነሣላችሁ፤ ሲበርድ ታፈስሳላችሁ፤ እስኪጠራ ትደግማላችሁ። በመጨረሻ ኩላንቱ ከተጣራ ውሃ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል፣ ይገባል። የቧንቧ ውሃ አይሁን። የድሬዳዋ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ስለሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

«ፍሳሽ»ም ቦታ አለው፤ ከሥር በባልዲ የተቀበላችሁት እሱ ነው ፍሳሽ። በኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃን ይቀምሰዋል። ቦይ ውስጥ አትድፉት። ክዳኑ በሚገጥም ጀሪካን ገልብጡና «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።