ከግብ አግቢነት ወደ አሠልጣኝነት፤ የመንግሥቱ ወርቁ ሁለት ዘመናት

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር። ኢትዮጵያ በግብፅ (ያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር) ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነች በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎ ግብ ቀድማለች። የጨዋታውን ዕጣ የቆረጠችውን አራተኛዋን ግብ ያስቆጠረው የጎንደሩ ተወላጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። እርሱም በውድድሩ 3 ግብ በማግባት ከግብፁ ባዳዊ ጋር የከፍተኛ አግቢነቱን ስፍራ ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች ያስቆጠራቸው ግቦች በጠቅላላው 10 ሲሆኑ፣ ይህን ያህል ያገባ ሌላ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወቱ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ከሜዳው ወጥቶ በሜዳው ዳር መቆምን መንግሥቱ ከቅርብ አይቶታል ማለት ነው። ሆኖም ማየትና መሆን የተለያዩ ናቸው። ተጫዋች ለስሕተቱ በሚቀጥለው ኳስ ይካሳል፤ አሠልጣኝ ግን የሚካሰው በሌላ ሰው እግር ነው።

መንግሥቱ የብሔራዊውን ቡድን አሠልጣኝነት የያዘበት ጊዜም ከተጫወተበት ዘመን ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የስፖርቱ አደረጃጀት ተለውጦ ነበር። ኢትዮጵያ ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ የታየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በ1968 ዓ.ም. ራሷ ባስተናገደችው ውድድር ነው። ስለዚህም ለ1974ቱ የሊቢያ ውድድር መብቃቱ በራሱ ቀላል ሥራ አልነበረም።

በቤንጋዚ የደረሰው ምድብ ከባድ ነበር። የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ዛምቢያም 1 ለ 0። ከአልጄሪያ ጋር የተደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ያለ ግብ ተፈጸመ። በመዝገብ ላይ የሚታየው አንድ ነጥብና ባዶ የግብ ዓምድ ነው። ዐሥር ግብ ያገባው ሰው አንድም ግብ ያላገባ ቡድን ይዞ ተመለሰ፤ ብዙዎችም የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው። ፍርዱ ግን ያልተሟላ ይመስላል። ያን ዕለት ግብ የተነፈገችው አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በስፔን የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 የረታችው አልጄሪያ ናት። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን በሦስተኛው ጨዋታ እንዲህ ባለ ተጋጣሚ ፊት ሳይፈርስ መውጣቱ የአሠልጣኝ ሥራ ነው፤ የአሠልጣኝ ሥራ ደግሞ በግብ ዓምድ ላይ አይጻፍም። የሙያው ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ተመልካቹ ግን ሊያውቀው አይገደድም።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመታት ወደዚህ መድረክ አልተመለሰችም። መንግሥቱ መመለሷን ሳያይ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ዐረፈ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዚያችው ከዛምቢያ ጋር አደረገ፤ 1 ለ 1 ተለያዩ። አዳነ ግርማ ያገባት ያች ግብ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያስቆጠረቻት የመጀመሪያዋ ናት። ዕለቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።