አራት ስም በአንድ መስመር፦ ሁሉን እኩል የተካፈለው የሮክ ባንድ ታሪክ

የድሮ ካሴት ሽፋን እጃችሁ ገብቶ ያውቃል? ከዘፈኖቹ ርዕስ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ዓይናችን የሚያርፈው ድምፃዊው ፎቶ ላይ ነው። በሙዚቃው ዓለም ግን ብዙ ጠብ የተነሳው፣ ብዙ ባንድም የፈረሰው በዚያች ትንሽ ጽሑፍ ሰበብ ነው።

ዛሬ የምናወራው በእሷ ሳይጣላ 31 ዓመት ስለኖረ አንድ የአሜሪካ ባንድ ነው። ስሙ አር.ኢ.ኤም. ይባላል። «አልተርናቲቭ ሮክ» የሚለው ስም ገና በሰው አፍ ሳይለመድ ጀምሮ 15 የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው አቴንስ ነው። የግሪኳ አቴንስ አይደለችም፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት በጆርጂያ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ፒተር በክ ውክስትሪ በሚባል የሸክላ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበር። ማይክል ስታይፕ ደግሞ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪ። ስታይፕ ወደ ሱቁ ብቅ እያለ፣ በክ ለራሱ ሊያስቀራቸው ያሰባቸውን ሸክላዎች እየመረጠ ይገዛበት ነበር። ወዳጅነታቸው ከዚያ ተጀመረ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ማይክ ሚልስና ድራም መቺው ቢል ቤሪ ግን የሚተዋወቁት ከልጅነታቸው ነው፤ ሜከን በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ አብረው ተምረዋል። መጀመሪያ ላይ «ዓይንህን ለአፈር» ይባባሉ ነበር አሉ። ያስታረቃቸው አብሮ መጫወቱ ነው።

አራቱ ሰው ፊት የቀረቡት ሚያዝያ 5 ቀን 1980 ነው፤ በአንዲት ጓደኛቸው የልደት ግብዣ ላይ፣ አገልግሎት ባቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ያኔ ስም እንኳን አልነበራቸውም። በኋላ ስታይፕ መዝገበ ቃላት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን አነሳ፦ አር.ኢ.ኤም.። ቃሉ የሳይንስ ነው፤ ስንተኛ ዓይናችን ከቆብ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን፣ ቁልጭ ያለ ህልም በብዛት የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይገልጻል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1990 ሲፈርስ የደወል ማማው ብቻ ቀረ። ዛሬም ቆሟል፤ አቴንስ የሚሄዱ አድናቂዎች ፎቶ ይነሱበታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ የተማሪ ባንድ በዘመኑ ሞልቷል። ይሄኛው እንዴት ከአቴንስ ወጣ? አንዱ መልስ ሬዲዮ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች የሚተዳደሩት በማስታወቂያ ስለሆነ አድማጭ ያሸሻል ብለው የሚፈሩትን ሙዚቃ አያጫውቱም። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ከኤፍ.ኤም. ሞገድ ላይ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያለውን ክፍል ለትርፍ ለማይሠሩ የትምህርት ጣቢያዎች ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እዚያ ላይ ጣቢያ ከፈቱ፤ የአቴንሱ በ90.5 ይሰማ ነበር። ማይክሮፎኑን የያዙት ተማሪዎች ናቸው፣ አለቃቸውም ማስታወቂያ ሰጪ አይደለም። ያሻቸውን ያጫውታሉ። በየከተማው እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲኖር፣ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ያለው ባንድ በሄደበት ሁሉ ስሙን የሰማ ጥቂት ሰው አያጣም። ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ «ኮሌጅ ሮክ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «አልተርናቲቭ» የሚለው ስም እየገነነ የመጣው ቆየት ብሎ ነው።

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው «ሬዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» በ1981 ወጣ። የቀዱት ሚች ኢስተር የሚባል ሙዚቀኛ በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ባቋቋመው ስቱዲዮ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «መርመር» የተባለው የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው ሲወጣ፣ የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ዓለምን ባጥለቀለቀበት በዚያው በ1983፣ የሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሃያስያን የዓመቱ ምርጥ አልበም አሉት። የሚገርመው፣ ስታይፕ እያጉተመተመ ስለሚዘፍን ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች እንኳን ግጥሙን መለየት ይቸግራቸው ነበር።

አሁን ወደዚያች ትንሽ ጽሑፍ እንመለስ። አር.ኢ.ኤም. ከጥቂት የሌሎች ሰዎች ሥራዎች በቀር በዘፈኖቹ ሁሉ ላይ በደራሲነት አራት ስም ያስመዘግብ ነበር፦ ቤሪ፣ በክ፣ ሚልስ፣ ስታይፕ። ማን ዜማውን አመጣ፣ ማን ግጥሙን ጻፈ፣ ማን ዝም ብሎ ድራም መታ ተብሎ አይለይም። ገቢውም እኩል ይከፈላል። ቅደም ተከተሉ እንኳን የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። (በእኛ ፊደል ቢሆን ሚልስ አንደኛ ይወጣ ነበር።) ውሳኔ ላይም እንዲሁ፤ ከአራቱ አንዱ «አይሆንም» ካለ ነገሩ ይቀራል።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? አንድ የተቀዳ ዘፈን በሕግ ዓይን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ቅጂው፣ ማለትም ስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ ነው። ሌላው ድርሰቱ፣ ማለትም ግጥሙና ዜማው ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በተለምዶው ሬዲዮ ዘፈን ሲጫወት ጣቢያው የሚከፍለው ለድርሰቱ ባለቤቶች ነው፤ ዘፋኙም ሆነ ጊታር መቺው በመጫወታቸው ብቻ ሳንቲም አያገኙም። ስለዚህ አራት ሰው አብሮ መድረክ እየወጣ፣ አብሮ ሚኒባስ ውስጥ እያደረ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደራሲው ቪላ ሲገዛ ድራም መቺው የቤት ኪራይ ሊጎድለው ይችላል። ከዚህም የባሰ መዘዝ አለው። እያንዳንዱ የአልበም ቦታ ገንዘብ ስለሆነ ሁሉም የራሱን ዘፈን ለማስገባት ይታገላል፤ የጓደኛው ዘፈን ቢበልጥም «የኔ ይግባ» ይላል። አር.ኢ.ኤም. ውስጥ ግን ማንም ቢያመጣው ድርሻው ያው አንድ አራተኛ ነው። የሚያዋጣው ጥሩውን ዘፈን መምረጥ ብቻ ነው።

ለማነጻጸር እንግሊዝ እንሻገር። በዚያው ዘመን «ዘ ስሚዝስ» የሚባል ዝነኛ ባንድ ነበር። እዚያ ደግሞ ጠቡ በቅጂውና በመድረኩ ገቢ ነው፦ ድምፃዊውና ጊታር ተጫዋቹ 40፣ 40 በመቶ ሲወስዱ ቤዝና ድራም ተጫዋቾቹ 10፣ 10 በመቶ ይሰጣቸው ነበር። ባንዱ በ1987 ፈረሰ። ድራም መቺው ማይክ ጆይስ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1996 ሩቡ ይገባዋል ተብሎ ተፈረደለት። ሙዚቃቸውን የሚወድ ሰው የዚያን ክስ ታሪክ ሲያነብ ሆዱ ይባባል።

አር.ኢ.ኤም. በበኩሉ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አልበም እያወጣ ቀስ እያለ አደገ። በ1987 «ዘ ዋን አይ ላቭ» የተባለው ዘፈን ከአሜሪካ አስር ምርጦች ገባ። በ1988 ከትንሹ አሳታሚያቸው አይ.አር.ኤስ. ወጥተው ዋርነር ከተባለው ግዙፍ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። «ተሸጡ» ያላቸው አድናቂ አልጠፋም።

ትልቁ ዘፈን የመጣው በ1991 ነው። በክ ቴሌቪዥን እያየ ማንዶሊን ሲለማመድ የጎረጎራት ዜማ «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» ሆነች። ኩባንያው ዘፈኑን ቀድሞ ለመልቀቅ አመንትቶ ነበር፤ ተቀባይ የሌለው፣ በማንዶሊን የሚመራ ነገር ማን ይሰማል ብሎ። በአሜሪካ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። ርዕሱን ቃል በቃል ካየነው «ሃይማኖቴን አጣሁ» ይመስላል፤ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች አነጋገር ግን «ትዕግሥቴ አለቀ፣ ልፈነዳ ነው» ማለት ነው። ብዙ ሰው ዘፈኑን ስለ እምነት አድርጎ የሚሰማው ይህን አባባል ስለማያውቅ ነው።

በቀጣዩ ዓመት «ኦቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» የተባለው አልበም ተከተለ። ስሙ የተወሰደው አቴንስ ካለ አንድ ምግብ ቤት መፈክር ነው። እዚህ አልበም ላይ «ኤቭሪባዲ ኸርትስ» የተባለው፣ ተስፋ ለቆረጡ ወጣቶች ማጽናኛ የሆነው ዝግተኛ ዘፈን አለ። መነሻ ሐሳቡን ያመጣው ማን ይመስላችኋል? ድራም መቺው ቤሪ። ዘፈኑ ላይ ግን ምቱን በአብዛኛው የሚጠብቀው ማሽን ነው። በሌላ ባንድ ቢሆን የድራም መቺ ዘፈን መደርደሪያ ላይ ይቀር ይሆናል፤ ካልቀረም ቤሪ ብቻውን ይከብርበት ነበር።

ከዚያ 1995 መጣ። መጋቢት 1 ቀን ስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ውስጥ ቤሪ መድረክ ላይ እያለ ጭንቅላቱን ክፉኛ አመመው። ችግሩ አኑሪዝም ነበር፤ የደም ሥር ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ሲፈነዳ ደም አንጎል ዙሪያ ይፈሳል። ብዙ ሰው ይሞትበታል። ቤሪ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም ከበሮው ፊት ተቀመጠ። በዚያው ጉዞ ሚልስ የሆድ፣ ስታይፕ ደግሞ የእበጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

በ1996 ከዋርነር ጋር ውላቸውን አደሱ። በወቅቱ ጋዜጦች 80 ሚሊዮን ዶላር ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቤሪ «በቃኝ፣ ጉዞው ሰልችቶኛል» አለ። ሲለቅ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ የእኔ መውጣት ባንዱን የሚያፈርስ ከሆነ እቆያለሁ። ሦስቱ ሸኙት፤ በጥቅምት 1997 ወጥቶ ገበሬ ሆነ። ስታይፕ ሦስት እግር ያለው ውሻም ውሻ ነው፣ አሯሯጡን መልመድ ነው ያለበት ብሎ ነበር።

መሮጡ ግን ቀላል አልሆነም። በ1998 የወጣውን «አፕ» የተባለውን አልበም ሲሠሩ ለመፍረስ ጥቂት ነው የቀራቸው። ቀጥሎ በመጡት አልበሞች ላይ ሌሎች ድራም መቺዎች ተጫውተዋል፤ ቢል ሪፍሊን ከ2003 ጀምሮ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ነበር። ሆኖም ሁሉም ተቀጣሪ እንጂ አባል አልሆኑም፣ በደራሲነት መስመሩም ላይ የቀሩት ሦስት ስሞች ብቻ ናቸው። ለእኔ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳስበው ክፍል ነው። እኩልነቱ እውነተኛ ነበር፤ ግን በሩ የተከፈተው በ1980 ልደት ግብዣው ላይ ለነበሩት አራት ልጆች ብቻ ነው። ክፋት ነው አልልም። ከበሮው ላይ ሰው መተካት ይቻላል፤ «አይሆንም» የማለትን መብት ለአዲስ ሰው መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

መስከረም 21 ቀን 2011 በድረ ገጻቸው መለያየታቸውን አስታወቁ። ያለ ክስ፣ ያለ ስድብ።

ሰኔ 13 ቀን 2024 ኒው ዮርክ ውስጥ የዘፈን ደራስያን የክብር አዳራሽ አዳዲስ አባላቱን ተቀበለ። ይህ ተቋም የሚያከብረው ዘፋኝን ሳይሆን ደራሲን ነው። ከአር.ኢ.ኤም. የተጠሩት አራት ነበሩ፤ ከ27 ዓመት በፊት ወጥቶ ድርቆሽ ሲያመርት የነበረው ድራም መቺም አብሮ። ከዚያ አራቱ መድረክ ላይ ወጥተው ያቺን የማንዶሊን ዘፈን ተጫወቱ።