ስም ያለው ፈረስ፣ ስም የሌለው ጋጥ ጠራጊ

በኢትዮጵያ የጦርና የቤተ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ፈረስ የክብር ስም አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የነበሩት የጅማ ነገሥታትም እንዲሁ ናቸው፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም ከዙፋኑ ይልቅ ከኮርቻው የመጣ ነው። የፈረሶቹን ቤት በበላይነት የሚያዘው ሹም ደግሞ ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ማዕረጉ ካለፈ በኋላ እንኳ ቃሉ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ፈረሱ ስም አለው፤ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አለቃውም ማዕረግ አለው። ከእነዚህ ሁሉ በታች ግን ጎሕ ሲቀድ ጎንበስ ብሎ ወደ ጋጡ የሚገባ፣ ፋንድያውን ዝቆ የሚያወጣ፣ የራሰውን ጉዝጓዝ በደረቅ የሚለውጥ ሰው ነበረ። ይህን ሰው ዜና መዋዕል አያውቀውም።

እንዲህ ያለው ሰው በየአገሩ ነበረ። በካፋ የነበረበት ሁኔታ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በካፋ ጋጥ መጥረግ ሙያም ሆነ የደመወዝ ሥራ ሳይሆን፣ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ግብር ሆኖ ስለ ኖረ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም የምታገኝ የደን አገር ናት። ዝናም የበዛበት አገር ለቡናና ለእንሰት መልካም ቢሆንም ለፈረስ ሰኮና ጠላት ነው። በእርጥብ ፋንድያና በሽንት ላይ ሲቆም የሚያድር ፈረስ ሰኮናው ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል፣ በመጨረሻም ያነክሳል፤ ከሽንቱ የሚነሣው ትፍግታ ደግሞ የእንስሳውንም የጠራጊውንም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። አንድ ፈረስ በየቀኑ የሚጥለው ፋንድያ ከ10 ኪሎ አያንስም። በደረቅ አገር ለአንድ ቀን የዘገየ ጠራጊ በማግሥቱ ሊክሰው ይችል ይሆናል፤ በካፋ ክረምት ግን የአንድ ቀን ስንፍና ጋጡን ረግረግ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ወደ ጎጀብና ወደ ኦሞ ቆላ የወረደ ፈረስ በገንዲ ተይዞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዚያ አገር ጤነኛ ፈረስ ውድ ነበር፤ ውድ የሆነውን ነገር የሚጠብቀው ሰው ግን ርካሽ ነበር።

የካፋ መንግሥት ራሱን ችሎ በቆየባቸው ዘመናት ፈረስን በሁለት ዓይን ያየው ነበር። የጌቶች ክብር ነው፤ ጠላትም የሚመጣበት ነው። በድንበሩ ላይ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶችና የግንድ አጥሮች፣ በየበሩም የተተከሉት ኬላዎች ከጎጀብ ማዶ የሚመጣውን ፈረሰኛ ለማገድ የተሠሩ ነበሩ። በኬላው በኩል ግን ነጋዴው ይገባ ነበር። ቦንጋ እስከ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ድረስ የተዘረጋው የሲራራ ንግድ ደቡባዊ ጫፍ ነበረች፤ ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰውም ጭምር ከዚያ ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ከእናርያው ንጉሥ ከአባ ቦጊቦ የሙሽራ አጀቦች ጋር ወደ ቦንጋ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን የጌቶቹን ጋጥ የሚጠርገው ባሪያው ነበር። ይህን ማለፍ አይገባም፤ በኋላ የመጣውን ጭቆና የሚጽፍ ሰው የቀደመውን ዘመን ገነት አድርጎ ለመሳል ይፈተናልና። ካፋ ባሪያ የሚያሳድርና ባሪያ የሚሸጥ መንግሥት ነበር፤ ጋጡም ከዚያ ሥርዓት ውጭ አልነበረም።

በ1889 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ጦር ከጅማው አባ ጅፋር ጦር ጋር ሆኖ ካፋን ከየአቅጣጫው ከበበ። ጥንት ፈረሰኛን ያገደው ጉድጓድ ጠመንጃን ሊያግድ አልቻለም። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሻሮቾ ወራት በጫካ ከተሰወሩ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተያዙ፤ ወደ አገራቸውም ሳይመለሱ በግዞት አረፉ። በዚያው ዓመት ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የዘመተው ሩሲያዊ የፈረሰኛ መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በካፋ ሲያልፍ ያየው ጠፍ የሆነ እርሻና በሣር መካከል የተበተነ የሰው አጥንት እንደ ነበረ ጽፏል። መኰንኑ የዘመቻው እንግዳና የድል አድራጊዎቹ ወዳጅ ስለ ነበረ ምስክርነቱ በጠላትነት የሚጠረጠር አይደለም።

ከሞት የተረፈው ሕዝብ ለወታደሩ በገባርነት ተደለደለ። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ ሰው ነበር። ለተራው ወታደር ጥቂት ገባር፣ ለሻለቃውና ለፊታውራሪው ብዙ ገባር እንደየማዕረጋቸው ይሰጥ ነበር። ገባሩ ማርና እህል ከማግባቱ ሌላ በጉልበቱ ያገለግላል፦ ሁዳድ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል፤ ሚስቱ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች። የፈረሱና የበቅሎው ጋጥም ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው። ሣር ማጨድና ማምጣት፣ ፋንድያ ማውጣት፣ እንስሳውን ውኃ ማጠጣት የገባሩ ተራ ነበረ።

እዚህ ላይ የገባሩ ኑሮ ልዩ ጠባይ ይታያል። ባሪያው ሙሉ በሙሉ የጌታው ነው፤ ሎሌውም በጌታው ቤት ይበላል፣ በጌታው ቤት ያድራል። ገባሩ ግን ሁለት ቦታ የተከፈለ ሰው ነበር። ከሳምንቱ የተወሰነው ቀን የጌታው ነው፤ የቀረው የራሱ ነው ይባላል። የቀኑ ቁጥር እንደ አገሩና እንደ ሹሙ ጠባይ ይለያያል፤ ጌታው ክፉ ሲሆን የገባሩ ቀን ይሳሳል፣ ዝናም ሲዘገይም ሁለቱም እርሻዎች በአንድ ቀን ሰው ይጠራሉ። ፈረስ ደግሞ ከእርሻ ይልቅ የከፋ ጌታ ነው። እርሻ የሚያርፍበት ወራት አለው፤ ፈረስ ግን በበዓልም በሰንበትም ይበላል፣ በበዓልም በሰንበትም ይጥላል። ሁዳዱን በአንድ ሳምንት ርብርብ መጨረስ ይቻላል፤ ጋጡን ግን ጠርጎ የጨረሰ ሰው በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ተራው ማለቂያ የሌለው ተራ ነው። ገባሩ ቤቱ ርቆ እንደ ሆነ የሄደበትና የተመለሰበት መንገድ ከጌታው ቀን አይቆጠርለትም፤ የሚቆረጠው ከራሱ ቀን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጉዳቱ የሚታየው በራሱ በፋንድያው ነው። የካፋ ገበሬ ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ ነው፤ እንሰት ደግሞ ያለ ፍግ አይሆንም። በጓሮ ተተክሎ ዓመታት የሚጠበቅ፣ ከቤቱ የሚወጣውን እበትና ጥራጊ ሁሉ የሚበላ፣ በመጨረሻም ቆጮ ሆኖ ቤተሰቡን የሚያበላ ተክል ነው። በገበሬው ቤት ከብቶቹን ማጽዳት ንቀት የለበትም፤ በጧት የወጣው እበት በቀጥታ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳልና፣ መጥረጉ መትከልም ነው። ገባሩ በጌታው ጋጥ የሚዝቀው ፋንድያ ግን የጌታውን ጓሮ ያለመልማል እንጂ የእርሱን አይደርስም። ከዚህም የባሰ አለ፤ ጦርነቱና ግብሩ ከብቱን ያሳጣው ገባር በገዛ ቤቱ የሚጠርገው የለውም። ለሌላው ፍግ ሲዝቅ ውሎ ፍግ ወደሌለው ጓሮ ይመለሳል። እንሰት የተጎዳበት ቤት የሚራበው ወዲያው አይደለም፤ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ረኀቡ ዘግይቶ ስለሚመጣ ምክንያቱን ከጋጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ብዙው ገባር አንድ መፍትሔ ብቻ ነበረው፣ እርሱም በሌሊት ጥሎ መጥፋት ነበረ። የጠፋው ገባር ድርሻ ለቀሩት ይታከላል፤ የቀሩትም በተራቸው ይጠፋሉ። በ1890ዎቹና ከዚያ በኋላ የካፋ ደን እየሰፋ የሄደው ባዶ የቀረውን እርሻ ዛፍ ስለ ዋጠው ጭምር ነው።

ነገሩ በሕግ የተለወጠው በዝግታ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድ ክስ ይከተላት ነበር፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነበረችና አዋጁ በመንገድ ላይ ደከመ። ፋሺስቶች ሲመጡ ደግሞ ውጊያው እስከዚሁ አገር ደረሰ፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ዳር ለጠላት እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ወራሪው ገባርነትን ሻርሁ ብሎ አወጀ፤ ነገር ግን የሻረው ለገባሩ አስቦ ሳይሆን የአገሬውን ጌታ መሠረት ለመናድ ነበር። ከነጻነት በኋላ ባርነት በ1934 ዓ.ም. ፈጽሞ ተከለከለ፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ደግሞ ከተወሰነው ግብር በቀር የጉልበት አገልግሎት እንዲቀር ደነገገ። ጋጡ በወረቀት ላይ ያለ ገባር ቀረ። መሬቱ ግን በጌታው እጅ ስለ ነበረ፣ ጭሰኛው በፈቃድ የመሰለውን ሥራ እየሠራ ኖረ፤ ለባለ መሬቱ በቅሎ ሣር ያላጨደ ጭሰኛ በሚመጣው ዓመት የሚያርሰውን አያውቅም ነበርና። ይህ ሁለተኛው ገመድ የተበጠሰው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን ነው።

ፈረሱ ግን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያን ፈረሶች መርምረው በስምንት ወገን የከፈሉ ሊቃውንት አንዱን ወገን የካፋ ፈረስ ብለውታል፤ በእርጥቡ የደን አገር የሚኖር ፈረስ ነው። ዛሬ ጦር አይወጣም፣ ስሙም ለማንም ማዕረግ አይሆንም። ቡናና እህል ተጭኖ በጭቃው ዳገት ወደ ገበያ ይወጣል። ሲመሽ ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ልጅ ያስገባዋል፤ በማግሥቱም ልጁ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ያደረውን ፋንድያ ጠርጎ ከጓሮው እንሰት ሥር ይደፋዋል።