ከአድዋ ሁለት ቀን በኋላ፦ የቡሬ የካቲት 25 እና የ"ዛሬ በታሪክ" ስሌት

የካቲት ሲመጣ ስልካችን በ"ዛሬ በታሪክ" ይሞላል። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን፣ የካቲት 23 አድዋ፣ ከዚያ ጸጥ። ለቡሬ፣ ለማንኩሳና ለፍኖተ ሰላም ልጅ ግን ከአድዋ ሁለት ቀን በኋላ ሌላ ቀን አለ፤ የካቲት 25። በ1933 ዓ.ም. በዚህ ዕለት የፋሺስት ጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወጣ። በ2018 ድፍን 85 ዓመት ሞላው። በሀገር አቀፍ የበዓላት ዝርዝር ውስጥ ግን የለም፣ የስልካችሁ ካላንደርም አያስታውሳችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ። ወደ ጎጃም መንገዱን እንዲከፍት የተመደበው "ጌድዮን ጦር" ይባላል። መሪው እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት፣ ወታደሮቹ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን፣ ብዛቱም ከ2,000 የማይበልጥ ነበር። ስንቁና ጥይቱ የተጫነው በግመል ነው። ከቆላው ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ ግመሎቹ በሺዎች አለቁ። ቡሬ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር በቁጥርም በመሣሪያም ይበልጣል። ግን ሌሊት ሌሊት ምሽጉ ሲተኮስበትና አርበኛው ዙሪያውን ሲያጣብበው፣ የመጣበትን ጦር ከልኩ በላይ ገመተና የካቲት 25 ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። በሁለተኛው ቀን ደምበጫ አጠገብ መንገዱ ላይ ከነበረ አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ተጋጥሞ ብዙ ሰው ወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። የውጭ መጻሕፍት ይሄን ታሪክ ሲያወሩ ከዊንጌትና ከግመሎቹ አይወጡም። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ የጎጃም አርበኞች እኮ ጌድዮን ጦር ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ጫካ ነበሩ። ጣሊያን ከምሽግና ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረጉት እነሱ ናቸው። የሆነ ሆኖ በእንግሊዝኛ ፈልጋችሁ ለማንበብ ከሞከራችሁ "ቡሬ" ብዙ ጊዜ "ቡርዬ" ተብላ ስለተጻፈች እሱንም ሞክሩ።

ፍኖተ ሰላምስ? ከተማዋ ቀድሞ ወጀት ነበር የምትባለው። ንጉሡ በዚሁ ጉዞ ሲያልፉ "የሰላም መንገድ" ብለው እንደሰየሟት ይነገራል። ስለዚህ ታፔላዋን ያየ ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ የ1933ን ጉዞ እያነበበ ነው።

ንጉሡ ከዚያ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ በሌላ አቅጣጫ በመጣው የእንግሊዝ ጦር ከጣሊያን ተለቀቀች። እሳቸው አዲስ አበባ የገቡት ግን ሚያዝያ 27 ነው። ቀኑ ተመርጦ ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ስለነበር ልክ አምስተኛ ዓመቱ ላይ። ደርግ ሲመጣ በዓሉ ከንጉሡ ጋር እንዲያያዝ አልፈለገምና የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ "እኛ ተማሪ ሳለን በመጋቢት ነበር የምናከብረው" ካሏችሁ አልተሳሳቱም። የሚገርመው፣ ደርግ ከንጉሡ ሸሽቶ የመረጠው ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ቀን መሆኑ ነው።

ቀን በአዋጅ ብቻ አይኖርም። ከቡሬ ቀጥሎ ያለችውን እንጅባራን እዩ። የአገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 የተመሠረተ ነው። በአድዋና በአምስቱ ዓመት ትግል የፈረሱን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን አስጊጦ ይወጣል። መንግሥት ሲቀያየር ቀኑ አልጠፋም፤ ምክንያቱም የጊዮርጊስ ዕለት ላይ ተተክሏል፣ ማህበርተኛም አለው።

ይሄ ለኛም ጥሩ መፈተሻ ነው። በገጠር አንድን አዛውንት "ምን ቀን ነበር?" ብትሏቸው ቁጥር ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ "የመርቆሬዎስ ዕለት" ካሏችሁ ግን 25 ማለታቸው ነው። ሚካኤል 12፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27፣ አማኑኤል 28። ንጉሡ ኦሜድላን የተሻገሩት የጥር ሚካኤል፣ በጥምቀት ማግስት ነው። አንድ ፖስት "ጥር 20" ብሎ ከመጣባችሁ የፈረንጁን ቁጥር ሳይቀይር የገለበጠ ሰው ነው። በነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ነበራ።

ከፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዘመን መለወጫችን 8 ዓመት ይቀነሳል። እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው አድዋ ነው። ጦርነቱ የተደረገው በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ እኛ የምናከብረው የካቲት 23 ግን ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል። እኛም አንድ ጊዜ "በዓሉ በስህተት ነው የሚከበረው" ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ስህተት የለም። ፈረንጆቹ 1900ን ባለ 366 ቀን ስላላደረጉት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል አንድ ቀን ተጨመረ። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት የሆነን ነገር በስልክ አፕ ስትቀይሩ የዛሬውን ሳይሆን የዚያኑ ዓመት ቀን አስገቡ።

በኪነጥበብና በስፖርትም የኛ ካላንደር የራሱ ጣዕም አለው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን! "ሴፕቴምበር 10" ስትሉት እንቁጣጣሽ ዋዜማነቱ ይጠፋል። ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933፣ በመስቀል፣ ቡሬ ነጻ በወጣችበት በዚያው ዓመት ነው። ያረፈው ደግሞ ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ ፋሲካ ዕለት። ፋሲካ ግን ቀኑ ይቀያየራል። ሙት ዓመቱን "በፋሲካ" ብሎ የሚያስብ አለ፣ እኛ የምንለጥፈው ሚያዝያ 11 ነው። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ "አልወለድም"ም በ1955 ስለታተመ በ2025 70 ዓመት ይሞላዋል። ከወዲሁ መዝግበነዋል።

የካቲት 25ንም በዝርዝራችን አስገብተናል። ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫ ወይም ከየትኛውም የምዕራብ ጎጃም ቀበሌ የሆናችሁ፣ አያቶቻችሁ የሚያነሱት ቀን ካለ ወሩን፣ የየትኛው ታቦት ዕለት እንደሆነና ማን እንደነገራችሁ ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጣችሁም አንሱት፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚጻፈው።