ውኃው ቀድሞ የተሸጠበት ሸለቆ

በካሊፎርኒያ ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የኢንዮ አውራጃ ለዓይን ድንቅ የሆነ በረሃ ነው። በምዕራብ ወሰኑ 4,421 ሜትር ከፍታ ያለው የዊትኒ ተራራ ይታያል፤ በምሥራቅ ደግሞ የሞት ሸለቆ ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ብሎ ተኝቷል። 26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ስፋት ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቆጠረው ሕዝብ 19,016 ብቻ ነበር። ይህን ያህል ባዶ ምድር ባለበት አገር ቤት መግዛት ቀላል ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

በግል ይዞታ ሥር ያለው መሬት ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በምዕራብ አሜሪካ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያስገርመው፣ ውኃ የነበረበትና ለመኖሪያ የተመቸው የኦወንስ ሸለቆ በአብዛኛው የሎስ አንጀለስ ከተማ ንብረት መሆኑ ነው፤ ከተማዪቱ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ርቃ ትገኛለች።

ሸለቆውን አስቀድመው በመስኖ ያለሙት የፓዩት ሕዝቦች ነበሩ። በ1863 ወታደሮች ብዙዎቹን ከአገራቸው አፈናቀሉ፤ ሰፋሪዎችም መሬቱን ያዙ። እነዚህም ሰፋሪዎች በተራቸው ገዢ መጣባቸው። የሎስ አንጀለስ የቀድሞ ከንቲባ ፍሬድ ኢተን በ1905 ገደማ መሬቱን ከነውኃ መብቱ ሲገዛ፣ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ለመንግሥት የመስኖ ሥራ የሚውል መስሏቸው ነበር። ኢንጂነር ዊልያም መልሆላንድ የመራው፣ 375 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የውኃ መስመር በ1913 ተመረቀ። ውኃው ያለ አንዳች ፓምፕ በስበት ኃይል ብቻ መውረዱን የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ያደንቁታል፤ እኔም አደንቃለሁ። የኦወንስ ሐይቅ ግን በ1920ዎቹ ደረቀ። በ1924 መስመሩ በድማሚት ተመታ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሸለቆው ነዋሪዎች የውኃውን በር ይዘው ፍሰቱን ወደ ደረቁ ወንዝ መለሱት። የከተማዪቱ መልስ አሁንም መግዛት ሆነ፤ ከእርሻው አልፋ በየመንደሩ ያለውን ሱቅና መኖሪያ ቤት ጭምር ገዛች። በኋላ ከቤት ቦታዎቹ ከፊሉን መልሳ ስትሸጥ የውኃውን መብት ለራሷ አስቀረች።

ስለዚህም ዛሬ በቢሾፕ ወይም በሎን ፓይን ቤት የሚፈልግ ሰው የሚገዛው፣ ከዚያ ግዢ የተረፈውን ነው። መልክዓ ምድሩ በግንባታ ሳይሸፈን የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገዢውን የሚስበውና ቤት የሚያሳጣው ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የከተሞቹ ቤቶች አንድ አጥር ዘንድ ሲደርሱ በድንገት ያበቃሉ፤ ከአጥሩ ማዶ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሎስ አንጀለስ ያከራየችው ነው።