እምቧይና ደበርጃን

«የእምቧይ ካብ» ሲባል ጽናት የሌለውን ነገር ማመልከቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ይህ መራራ ተክል ለቅርብ ዘመዱ ለደበርጃን የጽናት ምንጭ ለመሆን በቅቷል።

ደበርጃን በእስያ ሲለማ ገበሬው ፍሬው የተሻለውን እየመረጠ ዘሩን ስላስቀረ፣ የተክሉ የዘር ሀብት እየጠበበ ሄደ። ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት በሽታን የሚቋቋም ባሕርይ ከዱር ዘመዶቹ ይሹ ጀመር። መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። ሶላነም ቶርቩም ከተባለው ብርቱ የዱር ተክል ጋር በማዳቀል የተገኘው ዲቃላ አብዛኛውን ጊዜ መካን ስለሆነ፣ አትክልተኞች የደበርጃንን ቡቃያ በእርሱ ግንድ ላይ መቀጠልን መረጡ።

እምቧይ ግን ዘር የሚሰጥ ዲቃላ አስገኘ። በስፔን የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእስራኤል በረሃማ ሥፍራ የተገኘውን እምቧይ ከደበርጃን አዳቀሉ፤ ዲቃላውንም ለበርካታ ትውልድ ወደ ደበርጃን እየመለሱ በማዳቀል እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. 25 የዘር መስመሮችን አቀረቡ። እያንዳንዱ መስመር ከእምቧይ የወረሰው ጥቂት ቢሆንም፣ በአንድነት የእምቧይን የዘር ሀብት 61.7 በመቶ ይይዛሉ።

ዛሬ እንደ አረም የሚነቀለው የነገ ማዕድ ዋስትና ሊሆን ይችላልና፣ ዱሩ ከመታረሱ በፊት ዘሩን ሰብስቦ ማኖር ይገባል።