ከፈንዲሻ እስከ ኮንፌቲ፦ በሙሽራ ላይ የምንበትነው ነገር ታሪክ



ጥምቀት ካለፈ በኋላ በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ከመዋጮና ከብድር ቀጥሎ የሚነሣው ጉዳይ ሠርግ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልገባም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ ከአማኑኤል እስከ ሉማሜ፣ ከደጀን እስከ ቢቸና፣ ዳስ የሚጣለው በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። የጠላውና የዶሮው ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል እናቶቻችን አስተምረውናል። በቅርብ ዓመታት ግን እነሱ ያልተጠየቁት አንድ ጥያቄ መጥቶብናል፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ምን ይበተን? ፈንዲሻ፣ የጽጌረዳ ቅጠል ወይስ ከሱቅ የሚገዛው ብልጭልጭ ኮንፌቲ?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከጀርባው ገንዘብ አለ፤ የእኛ የሴቶች ሥራ አለ፤ ስለ ሙሽራዋ የምንመኘው ነገርም አለ። ስለዚህ በዚህ እትም የሚበተኑት ነገሮች ከየት እንደመጡ ያወቅነውን ለማካፈል ወደናል።

ሙሽራ ላይ የሆነ ነገር መበተን የአንድ ሕዝብ ልማድ ብቻ አይደለም። በጥንት ግሪክ ሙሽራዋ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ ምድጃው አጠገብ የደረቀ በለስና ለውዝ መሰል ፍሬ ያፈሱባት ነበር። ሮማውያን በሠርግ ሰልፍ ላይ ለልጆች ዋልነት ይበትኑ ነበር። በህንድ እስከ ዛሬ በእርድ ቢጫ የተቀባ ሩዝ በሙሽሮች ራስ ላይ ይበተናል። ሁሉም የሚበትኑት ፍሬ ወይም ዘር ነው፤ ምኞቱም አንድ ነው፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ዘራችሁ ይብዛ ማለት ነው።

ኮንፌቲ የሚለው ቃል የጣሊያንኛ ነው። በመጀመሪያ ትርጉሙ ወረቀት ሳይሆን ከረሜላ ነበር። ዛሬም ጣሊያን አገር አንድ ሰው ኮንፌቲ ቢል በስኳር የተለበጠ ለውዝ ማለቱ ነው፤ በሠርግም ለእንግዶች የሚታደለው ይኸው ነው። ወረቀቱን የሚጠሩት በሌላ ስም፣ ኮርያንዶሊ ብለው ነው። ኮርያንዶሊ ደግሞ ድንብላል ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በርበሬ ስናዘጋጅ የምንቆላው ያው ድንብላል! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድሮ በካርኒቫል በዓላቸው የድንብላል ፍሬ በስኳር እየለበጡ እርስ በርሳቸው ይወራወሩ ነበር። ስኳሩ ሲወደድባቸው በርካሽ የጂፕሰም ዱቄት ለበጡት፤ ያ ደግሞ ልብስ ያቆሽሻል፣ ዓይንም ይጎዳል። የወረቀቱ ኮንፌቲ ፈጣሪ ኤንሪኮ ማንጂሊ የተባለ የሚላኖ ሰው እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም በ1875 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አካባቢ የሐር ትል ያረቡ ነበርና የትሎቹ መኝታ የሚሆን ብዙ ቀዳዳ ያለው ወረቀት ይሠራ ነበር። ቀዳዳው ሲበሳ የሚወድቀው ክብ ክብ ቁርጥራጭ ውዳቂ ነበር። ማንጂሊ ያን ውዳቂ ሰብስቦ ለበዓል ሸጠው።

ይህን ታሪክ የምንነግራችሁ በምክንያት ነው። ዛሬ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ዘመናዊ ነገር የምንቆጥረው ዕቃ መጀመሪያ የድንብላል ፍሬ፣ በኋላም የፋብሪካ ትርፍራፊ ነበር። ያን ጊዜ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ነበረች፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በኋላ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው።

ታዲያ የእኛ እናቶች ምን ይበትኑ ነበር? በእኛ አገር ለሙሽራ መጀመሪያ የሚታሰበው ከላይ የሚወርደው ሳይሆን ከእግር በታች የሚነጠፈው ነው። ዳሱ ከተጣለ በኋላ መሬቱ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ቄጤማ ለእኛ ሣር ብቻ አይደለም። በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር፣ ካህናት ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም ራሱ ላይ ያስረዋል። ርግቧ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሰረችበት መታሰቢያ ነው። ቀኑም ስለዚህ ለምለም ቅዳሜ ይባላል። ሙሽራ ቄጤማ ላይ ስትራመድ በምሥራች ላይ እየተራመደች ነው ማለት ነው። ቄጤማውን ከረግረግ ዳር አጭዶ፣ በሸክም አምጥቶ ገበያ የሚያቀርበውም ብዙ ጊዜ ሴት ናት። በጥር ግን ውኃው ሸሽቷል። ረግረጉ እየታረሰና እየደረቀ በሄደበት አካባቢ ለምለም ቄጤማ ለማግኘት ከቀድሞው የበለጠ መንገድ መሄድ ግድ ይላል።

አደይ አበባ የማይበተነውም በወቅቱ ምክንያት ነው። አደይ የመስከረም ናት፤ የጥር ሙሽራ አታገኛትም።

አሁን ወደ ፈንዲሻ እንምጣ። ፈንዲሻ ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው የሚመስለን ብዙ ነን። የሚሠራበት በቆሎ ግን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነበር። በቆሎ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓውያን ወደዚያ ከተሻገሩ በኋላ በመርከብ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ፤ ወደ እኛም ደረሰ። በአንዳንድ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢ በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉታል። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ገበሬው የማያውቀውን እህል በሚያውቀው በማሽላ መስሎ፣ የመጣበትንም መንገድ አስታውሶ ሰየመው። ዛሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ በቆሎ ዋና ሰብል ሆኗል። እንግዳው ዘመድ ሆነ፤ ከቡናችን ጀበናና ከዕጣናችን ጎንም ተቀመጠ። እንግዲህ አንድ ነገር ከውጭ ስለመጣ ብቻ የእኛ አይሆንም አንልም። የእኛ የሚሆነው እጃችን ሲገባበት፣ ማሳችን ሲያበቅለው ነው።

የፈንዲሻ ፍሬ ትንሽና ቅርፊተ ጠንካራ ነው። በውስጡ ጥቂት ውኃ አለ። ብረት ምጣዱ ላይ ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያ ውኃ በእንፋሎት ኃይል ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፤ ውስጡም ተገልብጦ ነጭ አበባ ይሆናል። መጠኑ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ይጨምራል። አንድ እፍኝ ፍሬ አንድ ሰፌድ የሚሞላው ለዚህ ነው። ፍሬው ከልክ በላይ ከደረቀ ወይም ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ግን አይፈነዳም። ስለዚህ እናቶቻችን ፍሬውን በደንብ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት ማለታቸው ትክክል ነበር።

ከአባላት አንድ ቁም ነገር ተነሥቷል። እኛ እህል የሚረገጥበት ሕዝብ አይደለንም። ቁራሽ እንጀራ ቢወድቅ አንሥተን፣ ስመን እናስቀምጣለን። ታዲያ ፈንዲሻ መበተን እንዴት ነውር አልሆነም? መልሱን የሰጡን ትልልቆቹ እናቶች ናቸው። ፈንዲሻ በቤት ውስጥ ሲበተን ልጆች ይሻሙበታል፤ የቀረውን ዶሮ ይለቅመዋል። ሲበተን ለመርገጥ ሳይሆን ለመቃመስ ነው። እናም እፍኝ ይበቃል፤ ማዳበሪያ ሙሉ አይበተንም። ሩዝን በተመለከተም ከከተማ የመጡ አንዳንድ ሠርገኞች ሲበትኑ አይተናል። ሩዝ ወፍ ሲበላው ሆዱን ያፈነዳዋል የሚባለው ተረት ነው፤ የዱር ወፎች ሩዝ ከማሳ ላይ ሲለቅሙ ይኖራሉ። እኛ ሩዝ የማንበትነው ስለ ወፎቹ ብለን አይደለም። ጥሬ ሩዝ ከመሬት ተለቅሞ ለልጅ አይሰጥም፤ ፎገራ ላይ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ያለማው ገበሬ ድካምም ያሳዝነናል።

ከሱቅ የሚገዛው ኮንፌቲ አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና የሚመጣ ቱቦ ነው። ሲጠመዘዝ በታመቀ አየር ኃይል ብልጭልጩን ወደ ላይ ይረጫል። ፎቶው ያምራል፤ ይህን አንክድም። ብልጭልጩ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ሳይሆን ስስ ፕላስቲክ ነው። አይበሰብስም፤ ከቄጤማው ጋር ተጠርጎ ወደ ጓሮ ሲጣል ላምና በግ ከሣሩ ጋር ይበሉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የሚነሣበት ጊዜም ሌላ ጣጣ ነው፤ ከዳሱ መሬት ብልጭልጩን አንድ በአንድ ስንለቅም የዋልነው እኛው ሴቶች ነን። ኢትዮጵያ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን ለመግታት በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ን አውጥታለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ እንዳይሸጥ ማገድ ጀምሯል። ሌላው እየተወው ያለውን እኛ አሁን የምንለምድበት ምክንያት አይታየንም።

ድምፁስ? በጎጃም ሠርግ ላይ ጥይት መተኮስ የቆየ የደስታ ምልክት ነበር። ቱቦውም ሲፈነዳ ጧ ይላል፤ ምናልባት የተወደደውም ለዚህ ይሆናል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአካባቢያችን የተኩስ ድምፅ የሚሰማው በሠርግ ቀን ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ጧ ሲል ወደ አልጋ ሥር መግባት ተምረዋል። እናቲቱ እልል በምትልበት ሰዓት ልጇ ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስበት ሠርግ ደስታ አይሆንም። እልልታ ከማናቸውም ቱቦ ይበልጣል፤ አያስደነግጥም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የጽጌረዳ ቅጠል መካከለኛ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ሆናለች። በእርሻዎቹ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የደብረ ማርቆስ ደጋ አየርም ለጽጌረዳ ይስማማል፤ በየግቢያችን የምናሳድገው ምስክር ነው። ቅጠሉ መሬት ላይ ሲቀር ይበሰብሳል። ከእርሻ የተገዛው አበባ ግን ፀረ ተባይ ሊረጭበት ስለሚችል ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት መጠንቀቅ ያሻል።

ስለ ቁሱ ይህን ካልን፣ ስለ ምኞቱም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። ዘር መበተን ውለዱ፣ ክበዱ ማለት ነው ብለናል። በአካባቢያችን ይህ ምኞት ለረጅም ጊዜ የወረደው በልጆች ራስ ላይ ነበር። ከእኛ መካከል ጡት ሳታወጣ ፈንዲሻ የተበተነባት አለች፤ ሠርጓን የምታስታውሰው በሚዜ ጀርባ ታዝላ ስታለቅስ ነው። ገና ያልጠና አካል ሲያምጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ ባሕር ዳር በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐምሊን የፌስቱላ ማዕከል ይመሰክራል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ምን እንበትን ከማለታችን በፊት በማን ላይ እንበትናለን ብለን እንጠይቃለን። ሙሽራዋ ዕድሜዋ ያልደረሰ ከሆነ ከማኅበራችን ሰፌድ አንዲት ፈንዲሻ አትወጣም። ይህን በመተዳደሪያችን ላይ ባንጽፈውም በአንድ ድምፅ ተስማምተንበታል።

ለዘንድሮ ጥር የተስማማንባቸው ሌሎች ነገሮች እነዚህ ናቸው። የአባል ልጅ ስትዳር አንድ ቡድን ፈንዲሻውን በጠዋት ቆልቶ፣ ጨውና ዘይት ሳይነካው፣ በወረቀት ጥቅልል እየሞላ ለአጃቢዎች ያድላል። ጨውና ዘይቱ የሚተወው የሙሽራዋን ነጭ ቀሚስ እንዳያበላሽ ነው። ጽጌረዳ ያላት አባል ቅጠሉን በዋዜማው ምሽት ለቅማ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና በቀዝቃዛ ቦታ ታሳድራለች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አስቀድሞ ሳይጠየቅ ምንም አይበተንም። ቄጤማው ከአንድ ረግረግ ተነቅሎ እንዳያልቅ ሥሩ ሳይነካ ይታጨዳል። ለቱቦ ሊወጣ የታሰበ ገንዘብ ካለ ለሙሽሮቹ ጥሎሽ ይጨመራል። ጥሎሽ የሚለው ቃል ከመጣል የመጣ ነው፤ እንግዲህ በሙሽራ ላይ የሚጣል ነገር ካስፈለገ፣ ከብልጭልጩ ይልቅ ቤት የሚያቋቁመው ይሻላል።

የሠርግ ዕለት በርበሬ ቅንጠሳ እንዳይሆንብን፣ ልጅ የምትድሩ አባላት ከሁለት ሳምንት በፊት ለቡድን መሪያችሁ አሳውቁ። ፍሬውን የሚገዛው ማኅበሩ ነው፤ ሰፌድና ብረት ምጣድ ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።